አምስት ብልቃጥ፣ አራት መርፌ

ሂሩት የደወለችልኝ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ነው። "ሰናይት፣ ሲስተር ዳሚቱ አረፉ መሰለኝ። አሁን በታክሲ ሳልፍ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰዉ ግጥም ብሏል" አለችኝ። እርጥቡ አንሶላ ከእጄ አመለጠ። "መሰለኝ" ማለቷን እንኳ ልብ አላልኩም። ጡረታ ከወጡ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስኳር እንዳለባቸው አውቃለሁ፤ ድንኳኑም ተተክሏል። ሌላ ምን ማስረጃ ያሻኛል? የስልክ ቁጥራቸው አለኝ፤ ግን የሞተ ሰው ጋ ይደወላል እንዴ?

እዚያው በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ስለ ሞታቸው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እኒያ ሴትዮ በእኔ ጥፋት አምስት ዓመት ሙሉ ባሌ ፊት ስማቸው ጎድፎ ነው የኖረው። ነገ እነግረዋለሁ፣ ከበዓሉ በኋላ እነግረዋለሁ፣ እንዲያው ደስ ያለው ቀን ጠብቄ እነግረዋለሁ ስል፣ ይኸው ሞቱ።

ከሂሩት ጋር የተዋወቅነው ሲስተር ዳሚቱ በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ፣ ሊፍቱ ሲፈልግ ብቻ የሚሠራ አንድ ፎቅ አለ። አራተኛው ፎቅ ላይ የሴትን እንቁላልና የወንድን ዘር ላብራቶሪ ውስጥ አገናኝተው ፅንስ የሚያዘጋጁበት ክሊኒክ ነበር። ሲስተር የአልትራሳውንዱ ክፍል ነርስ ናቸው። የጊምቢ ሴት፣ አጠር ደልደል ያሉ፤ ሰዓታቸውን ደረታቸው ላይ ቁልቁል ያንጠለጥላሉ፤ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። ፊቷ የገረጣ ሴት ከገባች መጀመሪያ እፍኝ ቆሎ ይሰጧታል፣ ቀጥሎ ነው ምርመራው። ባል ውጭ ተቀምጦ ስልኩን ሲጎረጉር ካገኙት ደግሞ ጉድ ፈላ። "ግባ እንጂ! የልጅህ ቤት ነው የሚታየው፤ ኪራይ ቤት ስትከራይስ ሳታየው ነው የምትገባው?" ይሉታል። ወንዱ እየተሽኮረመመ ይገባል።

እኔ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስፌት ላይ እንከን ስፈልግ እውላለሁ። ያን ጊዜ ከሀፍቶም ጋር ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ሁለት ጊዜ ፅንስ ማህፀኔ ውስጥ ተደርጎልኝ ሁለቱንም ጊዜ አልያዘም። ሠፈራችን ጎሮ ውስጥ ያልተመራመረ አልነበረም፤ አንዷ "ደረጃ ወጥተሽ ነው" ትላለች፣ ሌላዋ "ባልዲ አንስተሽ ነው"። ይህንን ለሲስተር ስነግራቸው በሳቅ ሞቱ። "ባልዲ በማንሳት የሚወርድ ቢሆን ጊምቢ ውስጥ ሰው ባልተገኘ ነበር! እናቴ እኔን አርግዛ በእንስራ ውሃ ስትቀዳ ነው የከረመችው። በይ እንዲህ እያልሽ ራስሽን አትብዪ" አሉኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም ያለኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

የቀረን አንድ ፅንስ ነበር። ክሊኒኩ ማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠ አንድ ብቻ። እንደገና ከመጀመሪያው እንጀምር እንዳንል አቅማችን ተሟጧል፣ የእኔም ዕድሜ እየሄደ ነው። እና ሦስተኛውን ሙከራ ስንጀምር ሲስተር አስቀመጡኝና የጓንት ካርቶን ጀርባ ላይ ሥዕል እየሣሉ አስተማሩኝ።

"ስሚኝ ኢንታላ ኮ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ "ልጄ" ማለታቸው ነው። "ሰው ሁሉ ስለ ፅንሱ ይጨነቃል፤ ስለ ቤቱ የሚጠይቅ የለም። የማህፀንሽ የውስጥ ሽፋን በየወሩ እንደ አዲስ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ኤስትሮጅን ፍራሹን ያነጥፋል፤ ይሄ ኪኒንሽ ነው። ሰባት ስምንት ሚሊሜትር ሲሆንልኝ፣ እንዲህ ደግሞ ሦስት መስመር ሆኖ ሲታየኝ፣ ፍራሹ ተነጥፏል እላለሁ። ግን ፍራሽ ስለተነጠፈ እንግዳ ይገባል? በሩ ገና ዝግ ነው።"

"በሩን ምን ይከፍተዋል?"

"ፕሮጄስትሮን፤ መርፌው። መርፌውን ከጀመርሽ ሽፋኑ መወፈሩን ትቶ መሰናዳት ይጀምራል። እጢዎቹ ለእንግዳው ስንቅ ያመነጫሉ፣ ገጹ ይለወጣል፣ የመጣውን የሚይዝ ይሆናል። ይሄ ደግሞ ባንድ ጀምበር አይሆንም፤ ለኛ ፅንስ አምስት ቀን ይፈልጋል። ከዚያ በሩ ለጥቂት ጊዜ ይከፈትና ተመልሶ ይዘጋል። የቀደመ እንግዳ በር ዝግ ይሆንበታል፤ የዘገየም ደጅ ይቀራል።"

"ፅንሱ ጤነኛ ቢሆንም?"

"ጤነኛ ቢሆንም። ስለዚህ እኔ ዋናው ሥራዬ መቁጠር ነው" አሉና እርሳሱን አስቀመጡት። መርፌው ሰኞ ማታ አንድ ሰዓት ላይ እንዲጀመር ቀጠሮ ያዝን። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፤ ቅዳሜ ጠዋት ፅንሱ ይገባል። በጣቶቼ ሦስት ጊዜ አስቆጠሩኝ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ባዶውን ብልቃጥና የተወጋንበትን መርፌ በውሃ ፕላስቲክ ከተን ይዘን እንድንመጣ ያዝዙን ነበር። "ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪው፤ ቆሻሻ የሚያነሱት ሴቶች እጅ ላይ ይሰካል" ይሉናል። እኔ ለዚያ ብቻ መስሎኝ ነበር። ላብራቶሪው እሳቸው ቆጥረው "አውጡ" ካላሉ በቀር ፅንስ ከማቀዝቀዣው እንደማያወጣ ያወቅሁት በኋላ ነው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። አደይ ለተብርሃን፣ የሀፍቶም እናት፣ እኛው ዘንድ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ሰባት ቀን ጸበል አስገቡኝ። እኔም እምቢ አላልኩም፤ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ያልተሞከረ ነገር እንዲቀርበት አይፈልግም። በየማለዳው ከሥራ በፊት የካ ጋራ ላይ ወጥተን ጠጥተን እንመለሳለን። ሰባተኛው ቀን ሰኞ ዋለ። ማታ ጎረቤቴ፣ ነርስ ናት፣ መርፌውን ልትወጋኝ ስትመጣ አደይ በሩ ላይ ቆሙ።

"ዛሬስ መርፌ የሚባል ነገር አይነካትም! ሰባት ቀን የጠጣችውን ልታረክሱባት ነው? ነገ ይሁን።"

"አደይ፣ ቀኑ የተቆጠረ ነው እኮ" ብላቸው፣ "እግዚአብሔር በሰዓት ነው እንዴ የሚሠራው?" አሉኝ። ሀፍቶም ለሥራ ሐዋሳ ሄዷል፤ የሚያግዘኝ የለም። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፤ ከአደይ ይልቅ እኔው ፈራሁ። ጸበሉን ብንቅ ፅንሱ ቢቀርስ? ጎረቤቴን ነገ ነይ ብዬ መለስኳት።

በማግስቱ ለሲስተር መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ዙሩ ተሰረዘ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ደግሞ ጴንጤ ናቸው፤ ስለ ጸበሌ ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ አፈርኩ። አንድ ቀን ምን ያመጣል ብዬ ራሴን ሸነገልኩት። ዓርብ ማታ ፕላስቲኩን ሳየው ግን ብልቃጡ አራት ብቻ ነው። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ከተረፈኝ ብልቃጥ አንዱን ሰበርኩና ውስጡ ያለውን በዘይት የተበጠበጠ መድኃኒት መታጠቢያው ላይ ደፋሁት። የመርፌ መከታተያ ካርዴ ላይም ሰኞ የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግሁ። ፋብሪካ ውስጥ ይህንን ያደረገች ሠራተኛ ባገኝ በዚያው ቀን ነበር የማስባርራት።

ቅዳሜ ከሀፍቶም ጋር በጠዋት ደረስን። እሱ ወረቀት ሊፈርም እንግዳ መቀበያው ጋ ቀረ፣ እኔ ገባሁ። ሲስተር ፕላስቲኩን የብረት ትሪ ላይ ገለበጡና በመቆንጠጫ እየለዩ ጮክ ብለው ቆጠሩ። ብልቃጡ አምስት። መርፌው አራት። እንደገና ቆጠሩ። ያው ነው።

"አንዱ መርፌ የት ሄደ?"

"ጠፍቶ... ይሆናል።"

"ይሆናል" አሉ ረጋ ብለው። "ዙሪ እስቲ።" ዞርኩ። የተወጋሁበትን ምልክት በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ በግራ ሁለት፣ በቀኝ ሁለት። "ኢንታላ ኮ፣ ሰው ይዋሻል፣ ካርድ ይዋሻል፤ መቀመጫ ግን አይዋሽም።"

ይህንን ሲሉኝ ስልካቸው ጮኸ። ላብራቶሪው ነው። "ሲስተር፣ እናውጣ?" ሲል እስከ እኔ ይሰማል። ስልኩን በመዳፋቸው ከድነው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። አልተቆጡም፤ ብቻ ይጠብቃሉ። "በይ ንገሪኝ። ይውጣ ወይስ አይውጣ?"

"አይውጣ!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄ በስልኩ ውስጥ ላብራቶሪው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ሲስተር በስልኩ "አታውጡ፤ ባለበት ይቆይ" አሉና ዘጉት። ከዚያ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አደይን፣ ጸበሉን፣ መታጠቢያው ላይ የደፋሁትን። እያለቀስኩ ስለነበር ግማሹን የሰሙ አይመስለኝም።

"መርፌ አትወጊ ያሉሽ ቄሱ ናቸው?"

"አይ፣ አማቴ ናቸው።"

"ቄሱን ብትጠይቂ ኖሮ መድኃኒትሽን ውሰጂ ይሉሽ ነበር። ስንቷን ቄሶቹ ራሳቸው ወደ ሐኪም የላኳትን ተቀብያለሁ። ጸበል መጠጣትሽ አላስቀየመኝም። ያስቀየመኝ ዘይቱን መድፋትሽ ነው።" ከዚያ እፍኝ ቆሎ አስጨበጡኝ። "አይዞሽ አሁን። ካልወጣ አልተበላሸም። ዛሬ ማታ አምስተኛውን ትወጊያለሽ፤ እንግዳውን ነገ እናስገባዋለን።"

ነገ እሑድ ነው። እሑድ ክሊኒኩ ዝግ ነው። ሲስተር ለዶክተሩ ደወሉና፣ እኔ እዚያው ቁጭ ብዬ እያየኋቸው፣ "ዶክተር፣ የሰናይትን ቀን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን አጉድያለሁ" አሉት። የዶክተሩ ቁጣ ከስልኩ ውስጥ ይወጣል። በዚህ መሃል ሀፍቶም በሩን ከፍቶ ገባ፤ የሰማው ያቺን ብቻ ነው። ባሌ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን አፉ ተከፈተ። "ሰው አምኗችሁ የሚመጣው ለዚህ ነው? ያለን አንድ ፅንስ ነው! አምስት ድረስ መቁጠር ያቅታችኋል?"

"ይቅርታ ልጄ" አሉት። "አርጅቻለሁ።"

አፌን ስከፍት ሲስተር በጫማቸው እግሬን ረገጡኝ። ሀፍቶም እያጉረመረመ ሲወጣ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አሉና "ነገ እንግዳ የሚገባበት ቤት ዛሬ አይታመስም። ስትችዪ አንቺው ትነግሪዋለሽ" አሉኝ።

እሑድ ጠዋት የመጡት ሰማያዊ የመዘምራን ልብስ ለብሰው ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ምሥረታ በዓል ነበር፤ የእናቶች ኳየር ውስጥ ፊት መሪ ናቸው። በላዩ ላይ ነጭ ጋውን ደረቡበትና እጄን ያዙኝ። ስክሪኑ ላይ ሦስቱን መስመሮች አላየሁም፤ ሽፋኑ ነጣ ብሎ፣ ሞልቶ፣ አንድ ወጥ ሆኗል። "አየሽው? ተሰናድቷል" አሉኝ። ከዚያ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቅ አለችና ቦታዋን ይዛ ቀረች። ሲያልቅ ከአልጋው ልነሳ አልደፈርኩም፤ ሽንቴ ሊያመልጠኝ ነው፣ ግን ብሸና ፅንሱ አብሮ የሚወርድ መሰለኝ። "ሂጂና ሽኚ! ኪስሽ ውስጥ አይደለም ያስቀመጥነው" ብለው በሳቅ ገደሉኝ። እኔና ሀፍቶም ከዚያ ክፍል እየሳቅን ስንወጣ ያ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር።

የደም ምርመራው ውጤት የደረሰ ቀን የደወሉልኝ እሳቸው ናቸው። ሰላምታ እንኳ የለም፤ "እንግዳው ገብቷል" ብቻ። እኔ ፋብሪካው ውስጥ የሸሚዝ ክምር ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ሠራተኞቹ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ከበቡኝ። "እንኳን ደስ አለሽ" የሚለውን ግን የልብ ምት ሳያዩ ከአፋቸው አያወጡትም፤ እሱን ያሉኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ልጃችን ማኅደር አሁን አራት ዓመቷ ነው። አደይ "የጸበሉ ናት" ይላሉ፣ ሀፍቶም "የሐኪሞቹ ናት" ይላል፤ እኔ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ብዬ አልፋለሁ። የማላልፈው ሌላ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሀፍቶም ያንን ወሬ ያነሳል። "አንዲት ነርስ ቆጠራ ተሳስታ ልጃችንን ልታሳጣን ነበር እኮ! ደግነቱ ባለቀ ሰዓት ባነነች።" እንግዶቹ ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ዕቃ አጣቢ መስዬ ኩሽና እገባለሁ። ሲስተርን ለበዓል ልጠይቃቸው ስሄድ አንድም ቀን "ነገርሽው?" ብለውኝ አያውቁም። ቢጠይቁኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ያን ቅዳሜ ጥቁር ለበስኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አጣፋሁ፣ ከሀፍቶም ጋር ገርጂ፣ ሲስተር ቤት ሄድን። ታክሲ ውስጥ "ቆጠራ ቢስቱም ደግ ሴት ነበሩ" አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ነው። ከቅድሙ ብሶብኝ አለቀስኩ። ድንኳኑ በር ላይ ስንደርስ መዝሙር እየተዘመረ ነው፤ እኔ ግን የሀገሬን ለቅሶ ነው የማውቀው። "ሲስተርዬ! ስምዎን ሳላጸዳ! ለባሌ ሳልነግረው!" እያልኩ ደረቴን እየመታሁ ገባሁ። መዝሙሩ ቆመ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየኛል።

አንድ እጅ የቀሚሴን ጫፍ ጎተተው። "ኢንታላ ኮ፣ ማን ሞተ ብለሽ ነው?"

ፍራሹ ላይ፣ በሴቶች መሃል፣ ጥቁር ሻርፕ ደርበው ሲስተር ዳሚቱ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል፤ ግን ያዩኛል።

"እርስዎ!" አልኳቸው።

የሞቱት ታላቅ ወንድማቸው ነበሩ። ከጊምቢ ለሕክምና መጥተው እሳቸው ቤት ያረፉ፣ እሳቸውን ከልጅነት ጀምሮ ያሳደጉ ሽማግሌ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሰው ሐዘን ላይ እፎይ አልኩ። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀ፤ ትከሻቸውን፣ እጃቸውን፣ ሻርፓቸውን ሳይቀር ሳምኩ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሲንቀጠቀጡ ልቅሶ ይሁን ሳቅ አልለየሁም።

ሀፍቶም ከኋላዬ ቆሟል። "ስምዎን ሳላጸዳ ማለት ምን ማለት ነው? ለእኔ ያልነገርሽኝስ ምንድን ነው?" አለ።

ሲስተር እግሬን አልረገጡኝም። ዝም ብለው ጠበቁኝ፤ ልክ ያን ዕለት ስልኩን ከድነው እንደጠበቁኝ። እኔም እዚያው ተንበርክኬ፣ ሰው እየሰማ፣ ተናገርኩ። ሰኞን ያጎደልኩት እኔ ነኝ። ዘይቱን የደፋሁት እኔ ነኝ። ሲስተር ቆጠራ አልሳቱም፤ ልጃችን የተገኘችው እሳቸው መቁጠር ስለሚያውቁ ነው።

ሀፍቶም ጫማውን አወለቀና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተንበረከከ። "እና እኔ ስንት ሰው ፊት ነው ያሳቅሁብዎት?" አላቸው። "ይቅር ይበሉኝ።" ወደ እኔ ዞሮም "ቤት ስንገባ እንነጋገራለን" አለኝ፤ እጄን ግን ያዘው፣ አልለቀቀውም። በዘመኔ እንዲያ ቅልል ብሎኝ አያውቅም።

"ዶክተሩስ ያወቀ ጊዜ ምን ይል ይሆን?" አልኳቸው።

"ለእሱማ በዚያው ቅዳሜ ነግሬዋለሁ። ሐኪም እውነቱን ማወቅ አለበት። የቀረው ባልሽ ነበር።" ጉንጬን በመዳፋቸው ጠረጉልኝ። ከዚያ ዓይናቸው ነጠላዬ ላይ አረፈ። "ይሄን ያዘቀዘቅሽው ለእኔ ከሆነ መልሺው። እኔ አለሁ።"

"ለወንድምዎ ይሁን" አልኳቸው።

"ለሱ ይሁን" አሉና ጠጋ ብለው ፍራሹ ላይ ለሁለታችንም ቦታ ለቀቁልን።